ከስትሮክ በኋላ ሰውን በፊቱ መለየት ያቃታቸው ታካሚ፦ ዲሜንሽያ ነው ወይስ ፕሮሶፓግኖዥያ?

ዘደሴ (ጠቅላላ ሐኪም)

ሰላም ለሁላችሁ። ታካሚዋ የ58 ዓመት እናት ናቸው፤ ስትሮክ ካጋጠማቸው ሰባተኛ ሳምንታቸው ነው። የቆየ የሩማቲክ የልብ በሽታ አለባቸው፤ ማይትራል ቫልቩ ጠቧል፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንም (የልብ ምት መዛባት) አለ። ሲቲ ስካኑ በቀኝ በኩል የኋለኛው የአንጎል ደም ቅዳ (ፒሲኤ) ክልል ላይ ኢንፋርክት (ደም ተቋርጦበት የሞተ ክፍል) ያሳያል። እጅና እግራቸው ሙሉ ጉልበት አለው፣ ንግግራቸው ጥርት ያለ ነው፣ ቀኑንም ቦታውንም በትክክል ይናገራሉ። ልጆቻቸው ግን «እናታችን አታውቀንም» ይላሉ። ልጃቸው ክፍሉ ውስጥ ስትገባ እንደ እንግዳ ያዩአታል፤ አፏን ከፍታ «እማዬ» ስትል ወዲያው በስሟ ይጠሯታል።

የመጡበት ሪፈር ላይ «ዲሜንሽያ» (የመርሳት በሽታ) ተብሎ ተጽፏል። እኔ ፕሮሶፓግኖዥያ (ሰውን በፊቱ መለየት አለመቻል) ነው ባይ ነኝ፤ ግን እዚህ የቤንተንም ሆነ የካምብሪጅ የፊት ፈተና የለንም። አልጋ አጠገብ ባለን ነገር እንዴት ላረጋግጥ? መድኃኒት አለው? ለቤተሰቡስ ምን ልበል?

ኒውሮ_ሸዋ

ሰላም ዶክተር። ዋናውን ምልክት ራስህ ጽፈኸዋል፤ ድምፅ ሲሰሙ ማወቃቸው ነው። በዲሜንሽያ የሚሳሳው ስለ ሰውየው ያለው እውቀት ራሱ ስለሆነ ፊቱን ብታሳይ፣ ድምፁን ብታሰማ፣ ስሙን ብትጠራ ለውጡ ብዙ አይደለም። እሳቸው ዘንድ እውቀቱ እንዳለ ነው፤ የተቋረጠው ፊትን ከዚያ እውቀት ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ «ዲሜንሽያ» ተብሎ መቆየቱም አይገርምም። በስትሮክ መለኪያው ኤንአይኤችኤስኤስ የእይታ ክልል ቢበዛ 3 ነጥብ ነው ያለው፣ ፊት መለየት ደግሞ ጭራሽ ቦታ የለውም። እጅና እግር ካልሰነፈና አፍ ካልተጣመመ ድንገተኛ ክፍል ላይ «ደህና ናቸው» ይባላል።

ቦታውም ይገጥማል። ፊትን የሚያነበው የአንጎል ክፍል በኦክሲፒታልና በቴምፖራል ሎብ የታችኛው ገጽ ላይ፣ በተለይ ፊውዚፎርም ጋይረስ ላይ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ቀኙ ይበልጣል፣ ደሙንም የሚያገኘው ከፒሲኤ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ብቻውን አይመጣም፤ ጎረቤቶቹን ፈልግ።

አንደኛ የእይታ ክልል። አንድ ሜትር ያህል ርቀህ ፊት ለፊት ተቀመጥ፣ አንድ ዓይን ይሸፈን፣ አፍንጫህን እያዩ በአራቱም ማዕዘን ጣት አስቆጥር፤ ከዚያ ሌላው ዓይን። በቀኝ ጉዳት የምትጠብቀው በሁለቱም ዓይን የግራው ላይኛ ሩብ ወይም ሙሉው የግራ ግማሽ መጥፋቱን ነው። ሁለተኛ ቀለም፦ ኢሺሃራ (የቀለም መፈተኛ ሰሌዳ) ካለህ ጥሩ፣ ከሌለህ የተለያየ ቀለም ክር በየዓይነቱ እንዲለዩ አድርግ። ስም መጥራት ሳይሆን መለየት ነው የሚፈተነው። ሦስተኛ መንገድ፦ በገዛ ሰፈራቸው ይጠፋሉ ወይ ብለህ ቤተሰቡን ጠይቅ። ጣሊያናዊዎቹ ኳሊኖና ቦሬሊ በ1867 የጻፉት ታካሚ ከስትሮክ በኋላ የግራ እይታውን፣ ቀለሙንና የሰው ፊት መለየቱን አንድ ላይ ያጣ ነበር። ቦዳመር ለበሽታው ስም ያወጣለት ከሰማንያ ዓመት በኋላ በ1947 ነው።

ሁለት ጥንቃቄ። በቀኝ ብቻ የደረሰ ጉዳት ለፕሮሶፓግኖዥያ ይበቃል፤ ግን ከባድና የማይለቅ ሆኖ ሲገኝ የግራውንም ጎን ተጠራጠር። ከልብ የተነሳ የረጋ ደም የባዚላር ደም ቅዳ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲበታተን ወደ ሁለቱም ፒሲኤ ይሄዳል፣ ትንሹን የግራ ኢንፋርክት ደግሞ ሲቲ ሊስተው ይችላል። ኤምአርአይ የመላክ ዕድል ካገኘህ በሰባተኛው ሳምንት የሚጠቅምህ የምስል ዓይነት ዲፉዥን (አዲስ ጉዳት የሚያበራው) ሳይሆን ፍሌር (የቆየውንም የሚያሳየው) ነው፤ የዲፉዥኑ ብርሃን በዚህ ጊዜ ጠፍቷል። ሁለተኛ፣ «ፊውዚፎርሙ አልተነካም» የሚል የምስል ውጤት ምርመራውን አይሽርም። በጽሑፍ ፒኤስ ተብላ የምትታወቀው የስዊዘርላንድ ታካሚ የቀኙ ፊውዚፎርም አካባቢዋ ሳይጎዳ፣ ከኋላው ያለው የቀኝ ታችኛ ኦክሲፒታል ክፍል ስለተጎዳ ፊት መለየት አቅቷታል።

ኤምዲ_ጎንደር

ዶኔፔዚል ጀምሮ ሦስት ወር ማየትስ?

ኒውሮ_ሸዋ

አይጠቅማቸውም። ዶኔፔዚል የተሠራው ለአልዛይመር ዓይነት የአሴቲልኮሊን እጥረት ነው፤ እዚህ ያለው የሞተ የአንጎል ሕዋስ ነው። ልብ ምት ያዘገያል፣ የልብ ሕመምተኛ ላይ ያለ ምክንያት አትጨምሩ። ለፕሮሶፓግኖዥያ የሚታዘዝ መድኃኒት የለም።

ታሪኩ በቀናት ሳይሆን በወራትና በዓመታት እየባሰ የመጣ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር፤ የቀኝ ቴምፖራል ሎብ የሚበላው የፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሽያ ዓይነት ፊት ባለማወቅ ሊጀምር ይችላል። እሱ ግን ውሎ አድሮ ድምፁንም ስሙንም ይወስዳል፣ ጠባይም ይለውጣል። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና መንቀጥቀጥ ቀድሞ ከነበረ ደግሞ የሄርፐስ ኤንሰፋላይትስን አስቡ፤ የቴምፖራል ሎብን ፊተኛ ክፍል ነው የሚያጠቃው፣ አሳይክሎቪር በደም ሥር በኪሎ 10 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ከ14 እስከ 21 ቀን ይሰጣል፣ በጥርጣሬ ብቻ ይጀመራል። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ የመታው ሰው ላይ የምታዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፊት ያለፈ ነው፤ የዕቃ ቅርጽ ራሱ ይጠፋበታል።

ሚዛን (ኒውሮሳይኮሎጂ)

የፈተና ኪት የለንም ብለህ አትጨነቅ። የቤንተን ፈተና እኮ ራሱ ያታልላል፦ የጊዜ ገደብ ስለሌለው ታካሚው ቅንድብ ከቅንድብ፣ የፀጉር መስመር ከፀጉር መስመር እያመሳከረ ቀስ ብሎ ያልፈዋል፣ ውጤቱም «ኖርማል» ይወጣል። ማንኛውንም የፊት ፈተና ስታደርግ ሰዓት ያዝ። ጤነኛ ሰው ልጁን ለማወቅ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም።

በቤት የሚሠራ ፈተና እንዲህ ነው። ቤተሰቡ የአሥር የቅርብ ሰዎችን ጉርድ ፎቶ ያምጣ፤ አንተ ደግሞ የአሥር የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶ ጨምር፣ በዕድሜ፣ በፆታና በመልክ የሚቀራረቡ ይሁኑ። ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርገህ በአንድ መጠን አትም፤ ከግንባር እስከ አገጭ ብቻ ቁረጥ፣ ፀጉር፣ ጆሮ፣ አንገትና ልብስ ይውጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግንባር ላይ የመስቀል ንቅሳት፣ ጉንጭ ላይ ጠባሳ፣ የወርቅ ጥርስ፣ መነጽር ካለ ፎቶው ዋጋ የለውም፤ የሚያውቁት ንቅሳቱን ነው። የታዋቂ ሰው ፎቶ መጨመር ከፈለግህም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወይም ደራርቱ ቱሉ ይሻላሉ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴን በጢማቸው ማንም ያውቃቸዋል። ቴሌቪዥን ብዙም ለማያዩ እናት ግን የታዋቂ ሰው ፎቶ መውደቅ ምንም አይነግርህም፣ ቤተሰብ ላይ ቆይ።

ፎቶዎቹን አደባልቀህ አንድ በአንድ አሳይ። ሦስት ጥያቄ ነው፦ ያውቁታል ወይስ አያውቁትም? ማነው? በምን አወቁት? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ «ከንፈሩን አይቼ»፣ «ይቺ ሰፊ ግንባር ያላት መሆን አለባት» የሚል መልስ በግምት እየደረሱበት እንደሆነ ይነግርሃል። በ«አውቃለሁ/አላውቅም» ብቻ ስትቆጥር ከ20 ውስጥ 14 ማግኘት በዕድልም ይሆናል፤ 15ና ከዚያ በላይ ከሆነ በእርግጥ የለዩት ነገር አለ። ሁሉንም «አላውቅም» የሚል ሰው 10 እንደሚያገኝም አትርሳ፣ ስለዚህ የሚያውቋቸውንና የማያውቋቸውን ለየብቻ ቁጠር። ፈተናው ሲሠራ ልጆቹ ከክፍሉ ይውጡ። «እማዬ፣ ይቺ እኮ የ...» ብሎ የማይጀምር ልጅ አይገኝም።

ለአገራችን የተሠራ መመዘኛ ስለሌለ እህታቸውን ወይም በዕድሜ የሚቀርባቸውን አንድ የቤት ሰው በዚያው ፎቶ ፈትን። ያ የቤት ሰውም ከወደቀ ጥፋቱ የፎቶዎቹ ነው።

ቀጥሎ ድምፅ። እነዚያው አሥር ሰዎች በቴሌግራም ከአንድ እስከ አሥር ቆጥረው ድምፃቸውን ይላኩ። ስማቸውን አይናገሩ፣ «እማዬ»ም አይበሉ፤ ቃሉ ራሱ ይጠቁማል። መጨረሻ ላይ ስሞቹን ብቻ እየጠራህ «ስለሱ ይንገሩኝ» በል። ፎቶው ላይ ወድቀው ድምፁና ስሙ ላይ ካለፉ ምርመራህ ተሟልቷል። ሦስቱም ላይ ከወደቁ የሰው እውቀታቸው ራሱ ተነክቷል። «ይቺማ ጎረቤታችን ናት፣ እንጀራ ትሸጣለች፣ ስሟ ጠፋብኝ» ካሉ ደግሞ ፊቱን አውቀውታል፣ የጎደለው ስሙ ነው፤ እሱ ሌላ ችግር ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሁለት ነገር አጥራ፦ የእይታ ጥራት በሰሌዳ (ካታራክት (የዓይን ሞራ) ያለበትን ሰው ፕሮሶፓግኖዥያ አትበለው)፣ እና ዕቃ መለየት በእውነተኛ ዕቃ፣ ማለትም ስኒ፣ ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ መርፌ። ዕቃውም ከጠፋ ጉዳዩ የፊት ብቻ አይደለም። ሁለቱ እንደሚለያዩ ከሁለቱም ወገን ታይቷል፦ ማክኒልና ዋሪንግተን በ1993 የጻፉት ታካሚ ከስትሮክ በኋላ በግ ማርባት ጀምሮ የበጎቹን ፊት ሲለይ የሰው ፊት ግን አልሆነለትም፤ ሞስኮቪችና ባልደረቦቹ በ1997 ያቀረቡት ሲኬ የተባለ ታካሚ ደግሞ ዕቃ መለየት ተስኖት ፊት ያለችግር ይለይ ነበር።

ጊዜ ካለህ አንድ ተጨማሪ፦ የአንድ እንግዳ ሰው ሁለት ፎቶ፣ አንዱ ፊት ለፊት አንዱ ዘወር ብሎ የተነሳው፣ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ፎቶ ጋር አድርገህ እንዲያዛምዱ ጠይቅ። ይህ ካልሆነላቸው ፊቱን አንድ አድርጎ ማየቱ ላይ ነው ችግሩ። በፍጥነት እያዛመዱ የሚያውቁትን ሰው ግን የማይለዩ ከሆነ የተጎዳው የፊት ትውስታው ነው፤ ያኔ ጉዳቱን ወደ ቴምፖራል ሎብ ፊተኛ ክፍል ፈልግ።

ዘደሴ

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ሁለተኛዋ ልጅ «አንዳንዴ አንቺ ልጄ አይደለሽም ትለኛለች» ብላለች። ይህ ካፕግራስ ሊሆን ይችላል? ድምፅ ካወቁ ካፕግራስ አይደለም ማለት ነው?

ኒውሮ_ሸዋ

ድምፅ ብቻውን ከካፕግራስ አይለይልህም። የካፕግራስ ታካሚም እናቱን በስልክ ሊቀበላት ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ነው፦ በካፕግራስ «ልጄን ቁርጥ ትመስላለች፣ ግን እሷ አይደለችም፣ ሌላ ሰው ተተክቷል» ይላል። መመሳሰሉን ያያል። ልጅቱ ፊቱ ቆማ እየተናገረች እንኳ አያምንም፣ መታወቂያ ብታሳየውም አይረታም። በፕሮሶፓግኖዥያ መመሳሰል የሚባል ነገር የለም፤ ፊቱ ባዕድ ነው፣ ድምፅ ሲሰማ ግን ወዲያው «ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ» ብሎ ይቀበላል፣ ጥርጣሬ አያስከትልም። ስለዚህ ልጅቷን ጠይቃት፦ እንዲያ ያሉሽ ከመናገርሽ በፊት ነው በኋላ? «ትመስያታለሽ» ብለዋል?

ከሥሩ ያለውም ተቃራኒ ነው። ባወር በ1984፣ ትራኔልና ዳማሲዮ በ1985 ፕሮሶፓግኖዥያ ያለባቸውን ሰዎች የቆዳ ላብ ምላሽ ሲለኩ፣ «አላውቀውም» ባሉት የቤተሰብ ፊት ላይ ምላሹ ከፍ ሲል አግኝተዋል፤ አንደበታቸው ያላወቀውን ሰውነታቸው ያውቃል። በካፕግራስ ፊቱ ይታወቃል፣ ስሜቱ ነው የሚቀረው። «ተተክታለች» የሚለው እምነት የጸና ሆኖ ካገኘኸው የሳይካትሪ ምክክር ጨምር፣ ቤት ውስጥ «የተተካው» ሰው ላይ ጥቃት ሊደርስ ስለሚችል።

ቴራፒ_ኦስሎ (ኦኩፔሽናል ቴራፒስት)

ወደ ቤቱ እንግባ። ከሁሉ በፊት ቤተሰቡ ማቆም ያለበት አንድ ነገር አለ፦ «እማዬ፣ እስቲ እኔ ማነኝ?» የሚለውን ጥያቄ። እያንዳንዱ ጠያቂ ዘመድ አልጋው ጋ ጎንበስ ብሎ ይህን ሲጠይቅ ለማሠልጠን ይመስለዋል። አያሠለጥንም፤ በቀን አሥር ጊዜ ያሳፍራል፣ ከዚያም ሰው መፍራት ይጀምራሉ። በቦታው የሚገባው ሕግ፦ የሚገባ ሰው ሁሉ ከመሳሙ በፊት ከበሩ ላይ ድምፁን አሰምቶ ስሙንና ዝምድናውን ይናገር። «እማዬ፣ እኔ ሰላም ነኝ»፣ «እትዬ፣ እኔ የወንድምዎ ልጅ ነኝ»። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ለሁሉም ልማድ ይሆናል።

ከዚያ ምልክት መምረጥ። ለእያንዳንዱ የቅርብ ሰው ፊት ያልሆኑ ሁለት ምልክቶች ያስፈልጋሉ፣ አንዱ ሁልጊዜ አብሮት የሚሄድ፦ አረማመድ፣ ቁመት፣ ሳል፣ ንቅሳት፣ ጠባሳ። ሁለተኛው የሚቀያየር ቢሆንም ይሆናል፦ መነጽር፣ የሹሩባ ዓይነት። አንድ ብቻ ከያዙ ሰውየው ፀጉሩን የተቆረጠ ቀን ይጠፋባቸዋል። ማንበብ የሚችሉ ከሆነ በትንሽ ደብተር ይጻፍ፤ በቀኝ ጉዳት ማንበብ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ፎቶ መለጠፉ ሳይሆን የምልክቱ ጽሑፍ ነው የሚጠቅመው፦ «ታናሽ ወንድም፤ ረጅም፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ ሲስቅ ይስላል»።

ለቅሶ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ለየት ያለ ዝግጅት ይፈልጋሉ። ሴቱ ሁሉ ነጠላ ተከናንቧል፣ ፀጉርና የልብስ ቀለም አይታይም፣ ድምፅ ዝቅ ብሏል፣ ሁሉም ተቀምጧል። ቁመት፣ አረማመድ፣ ፀጉር፣ ድምፅ፣ የተማሯቸው ምልክቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። እዚያ አጃቢ ግድ ነው። የግራ እይታቸው ከጎደለ አጃቢው በግራ ይቁም፣ የሚመጣውን ሰው ቀድሞ አይቶ «ወይዘሮ እገሊት መጡ» ብሎ በጆሯቸው ይንገር። ለዕድርተኛና ለጎረቤት፣ እሳቸው ከፈቀዱ፣ አንድ ጊዜ በግልጽ ይነገር፦ «ሰላም ካላሉዎት ኮርተው አይደለም፣ ሕመሙ ፊት እንዳይለዩ አድርጓቸዋል፤ ስምዎን ይንገሯቸው»። ይህ ካልተነገረ ሰላምታ የተነፈገው ሰው «ዘጋችኝ» ብሎ ቂም ይይዛል፣ ከሕመሙ ይልቅ ይህ ነው ከሰው የሚያርቃቸው።

ደኅንነት። «አላወቅሽኝም? እኔ እኮ የእገሌ ልጅ ነኝ» የሚል አታላይ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ብቻቸውን ሲሆኑ በር ከመክፈት በፊት ድምፅ፣ ገንዘብ ከመስጠት በፊት ደግሞ ለልጃቸው ስልክ መደወል ሕግ ይሁን። የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጡ ከሆነ ዩኒፎርም ከለበሰ ሕፃን መሃል እሳቸው ሊለዩት አይችሉም፤ መምህርቷ ልጁን በእጁ ይዛ ታስረክባቸው። ትልቅ መስታወት ላይም የራሳቸውን ፊት እንደ ሌላ ሰው ሊያዩት ስለሚችሉ አትደንግጡ። ተከታታይ ድራማ ማየት ከተዉ ምክንያቱ ድብርት ብቻ ነው አትበሉ፤ ተዋናዩ ልብስ በቀየረ ቁጥር አዲስ ሰው ይሆንባቸዋል። ሬዲዮ ክፈቱላቸው። ድብርቱን ግን ለብቻው ጠይቁ።

ስለ መዳን፦ ከስትሮክ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ራሱ የሚሻሻልላቸው አሉ፣ ሁለቱም ጎን የተጎዳባቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቆይባቸዋል። ፊት የመለየት ሥልጠና በጥቂት ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ መጠነኛ መሻሻል ታይቷል፤ ብዙ ሳምንት የሚፈጅ የኮምፒውተር ልምምድ ስለሆነ ይህ ከሌለ ጊዜያችሁን ምልክቶቹ ላይ አውሉት።

ፋርማ_27

ሁሉም ፊቱ ላይ ስላተኮረ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛ ኢንፋርክት በግራው ፒሲኤ ከመጣ አሁን ያለው ችግር በእጥፍ ይከብዳል። ማይትራል ስቴኖሲሱ (የቫልቩ መጥበብ) መካከለኛ ወይም ከባድ ከሆነና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ካለ የሚገባው ዋርፋሪን (የደም መርጋት መከላከያ) ነው፣ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያው) ከ2 እስከ 3። «ክትትል አያስፈልገውም» ተብሎ በሌላው የደም መርጋት መከላከያ በሪቫሮክሳባን እንዳይተካ፤ በሩማቲክ የልብ በሽታ ላይ ሁለቱን ያወዳደረው በ2022 የወጣው የኢንቪክተስ ጥናት ዋርፋሪን ዓይነቱ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል።

አይኤንአር የሚዛባባቸውን ቀናት ቀድማችሁ ያዙ። በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ አይኤንአር ይወርዳል፤ ጎመን ይከልከል አይባልም፣ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ይመሳሰል፣ የጾም መግቢያና መውጫ ላይ ደግሞ ይለካ። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል በተቃራኒው ይሰቅሉታል፤ ከታዘዙ በሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ድጋሚ ለኩ።

ኒውሮ_ሸዋ ያነሳው የቀለም ፈተና እዚህም ይመጣል። የዋርፋሪን ክኒን በብዙ አገር በሚሊግራሙ መጠን ቀለሙ ይለያያል፣ እኛም «ሮዟን ሙሉ፣ ሰማያዊዋን ግማሽ» እያልን ማዘዝ ለምዶብናል። ቀለም መለየት ካቃታቸው ይህ አደገኛ ነው። አንድ ዓይነት ሚሊግራም ብቻ ስጡ፣ ካልሆነም ልጃቸው የሳምንቱን በየቀኑ ከፋፍላ ትስጥ።